ለእግሬ ሄጄ ስለ ወር አበባዬ ተጠየቅኩ

የሄድኩት ለእግሬ ነበር። የግራ እግሬ፣ ከጣቶቼ ትንሽ ከፍ ብሎ ያለው ቦታ፣ ተኝቼ እንኳ ይጠዘጥዘኛል፤ ስረግጠው ደግሞ ጥርሴን ያስነክሰኛል። የሰኔ ዝናብ የገባበት ሰሞን ነው። የአጥንት ሐኪሙ ሸምገል ያሉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የት እንዳስቀመጡት የሚፈልጉ ዓይነት ሰው ናቸው። የራጅ ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንሥተው አዩት። ከዚያ እግሬን ይዘው በአውራ ጣታቸው ጫን ሲያደርጉት ከአልጋው ልዘል ምንም አልቀረኝ። ወደ ጠረጴዛቸው ተመልሰው እየጻፉ፣ ቀና ሳይሉ፣ «የወር አበባሽስ? በየወሩ ይመጣል?» አሉኝ።

«ዶክተር፣ እኔ የመጣሁት ለእግሬ ነው።»

«አውቃለሁ። እግርሽ ውስጥ ያለ አጥንት ተሰንጥቋል። ወድቄያለሁ አላልሽኝም፤ የመታኝ ነገር አለም አላልሽኝም። በሠላሳ አንድ ዓመት አጥንት ዝም ብሎ አይሰነጠቅም። ለዚህ ነው የምጠይቅሽ።»

ለመጨረሻ ጊዜ በራሱ የመጣው ለጥምቀት ሰሞን ነበር። በጣቴ ቆጠርኩ፦ የካቲት፣ መጋቢት፣ ሚያዝያ፣ ግንቦት፣ አሁን ደግሞ ሰኔ። እጄ አለቀ። ሐኪሙ ብዕራቸውን አስቀመጡና መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉ።

በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከሰው መዝገብ አሥር ብር ብትጎድል እንቅልፍ አይወስደኝም፤ አንድ ጊዜ የሦስት ብር ከሰማንያ ሳንቲም ልዩነት ስፈልግ ቢሮ አምሽቼ ዘበኛው መብራት ሊያጠፋብኝ መጥቷል። ከገዛ አካሌ አምስት ወር ሲጎድል ግን ዝም አልኩ። እንዲያውም እውነቱ ይነገር ከተባለ ደስ ብሎኝ ነበር። የሆድ ቁርጠት የለ፣ በየወሩ ዋጋው የሚጨምር ሞዴስ መግዛት የለ፣ ሌሊት እንጦጦ ላይ ስሮጥ «ቢያበላሸኝስ» የሚል ስጋት የለ። እንጦጦ መንገድ ዳር ለሴት የሚሆን ቁጥቋጦ እንጂ መጸዳጃ ቤት እንደሌለ የሮጠች ታውቀዋለች። በዚያ ላይ አንድ ቦታ የሰማሁት ነገር አእምሮዬ ውስጥ ተቀምጧል፤ «ብዙ የሚሮጡ ሴቶች ወር አበባቸው ይጠፋል» የሚል። እኔም «እንግዲህ እውነተኛ ሯጭ ሆንኩ ማለት ነው» ብዬ ተኮፍሻለሁ። ማዕረግ የተሰጠኝ መስሎኝ ነበር።

ሩጫ የጀመርኩት ከዚያ በፊት ባለው ክረምት ማብቂያ ላይ በመስቀል አደባባይ ደረጃዎች ነው። መጀመሪያ አንዱን ረድፍ ከዳር እስከ ዳር ሮጬ ለመጨረስ ሦስት ጊዜ ቆሜ አየር እስብ ነበር። ኅዳር ላይ የታላቁ ሩጫን አሥር ኪሎ ሜትር፣ ግማሹን እየሮጥኩ ግማሹን በሕዝቡ እየተገፋሁ፣ ጨረስኩ። የዚያን ቀን የተዋወቅኋቸው ሦስት ሴቶች ጋር ተጠራርተን በሳምንት ስድስት ቀን፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ወደ እንጦጦ መውጣት ጀመርን። ዓላማችን ግማሽ ማራቶን ነው። ጥሩ ጊዜ ነበር፤ አሁንም ሳስበው ይናፍቀኛል። ባሕር ዛፉ በጨለማ ይሸታል፣ እንጨት የተሸከሙ እናቶች ቁልቁል ይወርዳሉ፣ እኛ ሽቅብ እንወጣለን። እነሱ ቀና ብለው ሲያዩን ሁልጊዜ ትንሽ አፍር ነበር። የእነሱን የአንድ ቀን ድካም እኛ ለመዝናኛ ነው የምናደርገው።

ችግሩ ሩጫው የጀመረበት ወቅት ላይ ነበር። የታላቁ ሩጫ ካናቴራዬ ሳይታጠብ ጾመ ነቢያት ገባ። ከዚያ ገና፣ ጥምቀት፣ ነነዌ፣ ቀጥሎ ሁዳዴ፤ ሃምሳ አምስት ቀን። እኔ ደግሞ እናቴ እንዳሳደገችኝ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምጾም ነኝ። ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል እሮጣለሁ፣ ታጥቤ ታክሲ እይዛለሁ፣ ቢሮ እገባለሁ፣ ከዚያ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አልቀምስም። ስምንት ሰዓት ተኩል መሆኑ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ እንጀራ በሽሮ፣ ማታ ደግሞ ከደከመኝ ጊዜ ዳቦ በሻይ። ሁልጊዜም ይደክመኛል።

በዚያው ሰሞን መሥሪያ ቤታችን የሦስት ዓመት ሒሳብ ኦዲት ይደረግ ተብሎ ክፍላችን ታመሰ። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ደረሰኞቹን በማዳበሪያ ከረጢት አስሮ ነው የሄደው። የቤት አከራዬ በበኩሉ ልጁ ሊያገባ እንደሆነና ቤቱን በሁለት ወር እንድለቅ ነገረኝ። በአዲስ አበባ ቤት ፈልጎ የሚያውቅ ሰው ይህን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ማንበብ አያስፈልገውም። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ነቅቼ ጣሪያ እያየሁ የደላላ ስልክ ቁጥር በቃሌ እደግም ነበር።

ወር አበባዬ እንደ መብራት ድርግም ብሎ አይደለም የጠፋው። ታኅሣሥ ላይ አሥራ አንድ ቀን ዘገየ። ጥር ላይ መጣ፣ ግን ሁለት ቀን ብቻ፣ ያውም ትንሽ። የካቲት ላይ የለም። አካሌ እንደ ጥሩ ሠራተኛ ማስጠንቀቂያውን በቅደም ተከተል አስገብቷል፤ ያላነበብኩት እኔ ነኝ።

መጀመሪያ ያወቀችው እናቴ ናት፤ የያዘችው መዝገብ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ነው። በየእሑዱ ሰፈራችን ማርያም እንገናኛለን። አንዲት ሴት ወር አበባዋ ላይ ከሆነች ወደ ውስጥ አትገባም፤ ከደጀ ሰላሙ ውጭ ግንቡ ሥር ቆማ ወይም ተቀምጣ ታስቀድሳለች። ማንም ምንም አይናገርም፤ የምታይ ሁሉ ግን ታያለች። ከትንሣኤ በኋላ አንድ ቀን ቡና እያፈላች፣ ዓይኗን ከጀበናው ሳታነሣ፣ «ልጄ፣ በዚህ ሁዳዴ አንድም እሑድ ውጭ አላየሁሽም» አለችኝ።

«እ?»

«የምትነግሪኝ ነገር ካለ፣ አልቆጣም።»

የገባኝ ሲኒውን ከያዝኩ በኋላ ነው። እጮኛ አለኝ፣ ሠርግ ግን ገና ነው። «እማዬ፣ እርጉዝ አይደለሁም!» ብዬ ስጮኽ ጎረቤት ሳይሰማ አልቀረም። እናቴ አላመነችኝም፤ ግን ሌላ ምክንያት ለራሷ ፈለገችና አገኘች፦ «እንግዲያው ብርድ ነው የመታሽ። በሌሊት ምን አስወጣሽ!»

ለእሷ ዕረፍት ስል አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ወጣቱ ሐኪም «ባለትዳር ነሽ?» ብሎ ጀመረ፤ ሊጠይቅ የፈለገው ሌላ መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን። ሽንት ተመረመርኩ፣ እርግዝና የለም። ስንት ሰዓት እንደምተኛ፣ ምን እንደምበላ፣ ምን እንደምሠራ አልጠየቀኝም። «ይሄ ያስተካክለዋል» ብሎ የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን ጻፈልኝ። ዋጥኩ። ፓኬቱ ሲያልቅ ደም መጣ። እናቴ እሑድ ግንቡ ሥር አይታኝ ፊቷ በራ። እኔም ጉዳዩ ተዘጋ ብዬ ወደ እንጦጦዬ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ ኪኒኑን አልቀጠልኩም፤ ደሙም አልተመለሰም። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ እግሬ መጠዝጠዝ ጀመረ።

የአጥንት ሐኪሙ ወደ አንዲት የማህፀን ሐኪም ላኩኝ። እሷ የሠራችው የመጀመሪያ ነገር ወንበሯን ከጠረጴዛው ጀርባ አውጥታ አጠገቤ መቀመጥ ነው። አርባ ደቂቃ አወራን። እርግዝናን እንደገና መረመረች፣ የእንቅርት ዕጢን አየች፣ ፕሮላክቲን የሚባለውን ሆርሞን ለካች፣ እንቁላል የሚያበስሉትን እንቁልጢዎቼን በአልትራሳውንድ አየች። የወር አበባ የሚጠፋባቸው በሮች ብዙ ስለሆኑ ሌሎቹን ሳይዘጉ «ይሄ ከድካም ነው» ማለት አይቻልም አለችኝ። ሌላው ሁሉ ደህና ነው። ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ግን በጣም ዝቅ ብሏል። ስለ ኪኒኑ ስነግራት «ኪኒኑ ደም አመጣልሽ እንጂ የወር አበባሽን አልመለሰልሽም» አለች። ኪኒኑ ውስጥ ያለው ሆርሞን ሲቋረጥ የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ይላቀቃል፤ በውስጤ እንቁላል የሚያበስለው ክፍል ግን ያኔም ተኝቷል። በእኔ ቋንቋ፣ ሒሳቡ ሳይስተካከል የተስተካከለ የሚመስል ሪፖርት ታትሞ ወጥቶልኛል።

እኔ የወር አበባ የማህፀን ጉዳይ ይመስለኝ ነበር። ትእዛዙ የሚመጣው ግን ከጭንቅላት ነው። ሃይፖታላመስ የሚባለው ከአንጎል ሥር ያለ፣ የለውዝ ፍሬ የሚያክል ክፍል በየሰዓቱ ወይም በየሰዓት ተኩሉ ገደማ እንደ ደወል አንድ ሆርሞን ይለቃል። ያንን ሰምቶ ፒቱታሪ ዕጢ ወደ እንቁልጢ መልእክት ይልካል፤ እንቁልጢ ኤስትሮጅን ያመርታል፣ እንቁላል ያበስላል። ደወሉ ከተራራቀ የታችኞቹ ሥራ ያቆማሉ፤ አልታመሙም፣ የጠራቸው የለም እንጂ። ይህ ክፍል ደግሞ የመራባትን ጉዳይ ብቻ አይደለም የሚከታተለው። ስንት በላሽ፣ ስንት አወጣሽ፣ ምን ያህል ስብ አለሽ፣ ፈርተሻል ወይስ ተረጋግተሻል የሚለው ወሬ ሁሉ እሱ ዘንድ ይደርሳል።

ቤት ውስጥ ገንዘብ ያጠረ ጊዜ ምን እንደምናደርግ አስቡት። የቤት ኪራይና እንጀራ አይነካም። ልብስ ይቆያል፣ ድግስ ይቀራል፣ እንግዳ አይጠራም። አካልም እንዲሁ ነው። ልብ መምታቱን፣ አንጎል ማሰቡን አያቆምም። ልጅ መውለድ ግን ድግስ ነው፤ ዘጠኝ ወር የሚፈጅ፣ ከዚያም ጡት የሚያስከትል ድግስ። ጎተራው ባዶ ሲመስለው ሃይፖታላመስ ድግሱን ይሰርዛል።

ሐኪሟ የነገረችኝን ቁጥር ቤት ሄጄ ወረቀት ላይ ካላወራረድኩት የሚያስተኛኝ አልነበረም። በኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ አን ላውክስ የምትባል ተመራማሪ ባልደረባዋ ጋር ሆና እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣችው ጥናት አለ። ወር አበባቸው የተስተካከለ ወጣት ሴቶችን ወስደው ለአምስት ቀን ብቻ ምግባቸውንና እንቅስቃሴያቸውን በልክ ተቆጣጠሩት። መለኪያቸው የበሉት ሁሉ አይደለም፤ ለስፖርት የወጣው ተቀንሶ ለአካል የሚተርፈው ነው። ያ ትርፍ ከስብ ውጭ ላለው የሰውነት ክብደት በኪሎ በቀን አርባ አምስት ኪሎ ካሎሪ ሲሆን ነገሩ ሁሉ ሰላም ነው። ከሠላሳ በታች ሲወርድ ግን ደወሉ መዛባት ይጀምራል። በአምስት ቀን!

የእኔን ልንገራችሁ። ከስብ ውጭ ያለኝ ክብደት ወደ አርባ ኪሎ ይጠጋል። ስለዚህ ሩጫው ተቀንሶ ቢያንስ 1,200፣ ደህና ለመሆን 1,800 ኪሎ ካሎሪ ሊተርፈኝ ይገባል። በሁዳዴ ቀን የምበላው በደግ ግምት 1,400 ነው። አሥር ኪሎ ሜትር ለመሮጥ ወደ 500 ያህል ይወጣል። ቀሪ 900፤ ለአርባ ሲካፈል ሃያ ሁለት ተኩል። ይህን ቁጥር ያገኘሁበት ወረቀት አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ፤ ኪሳራ ላይ ያለ ድርጅት መዝገብ ስዘጋ እንደማደርገው።

በዚህ ሁሉ ጊዜ የቀነስኩት ሦስት ኪሎ ብቻ ነው። አጥንቴ አልወጣም፣ ማንም «ከሳሽ» አላለኝም። ያታለለኝም እሱ ነው። አካል ገቢው ሲያንስበት ወጪውን ስለሚቆርጥ ሚዛን ላይ ብዙ ላይታይ ይችላል። ቆጥቦ ይኖራል። የቆጠበበትን ደግሞ ከሌላ ቦታ ይከፍላል፤ እኔ ላይ የከፈለው ከእግሬ አጥንት ነው። ኤስትሮጅን አጥንት ከሚገባው በላይ እንዳይሸረሸር የሚይዝ ሆርሞን ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ባርባራ ድሪንክዋተር እና ባልደረቦቿ ወር አበባቸው የቀረባቸውን አሥራ አራት ሴት አትሌቶች ወር አበባቸው ከሚመጣ አሥራ አራት አትሌቶች ጋር አነጻጽረው ነበር። የቀረባቸው ሴቶች ዕድሜ በአማካይ ሃያ አምስት ገደማ ነው፤ የአከርካሪ አጥንታቸው ጥግግት ግን የሃምሳ አንድ ዓመት ሴት ሆኖ ተገኘ። አሜሪካዊቷ ሯጭ ሜሪ ኬይንም እ.ኤ.አ. በ2019 አደባባይ ወጥታ ወር አበባዋ ለሦስት ዓመት እንደቀረና አምስት አጥንቶቿ እንደተሰበሩ ስትናገር ብዙ ሴቶች «እኔም» አሉ። እኔ ያን ጊዜ አልሰማሁም፤ ሩጫ ማን ያውቅና።

ጉዳዩ በዘመድ ዘንድ ሲወራ አክስቴ ፍርዷን ወዲያው ሰጠች። «ሩጫ ማህፀን ያደርቃል ብዬ አልነበር!» እዚህ ላይ አልተስማማሁም፤ አሁንም አልስማማም። ይህ ወሬ የአክስቴ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1928 አምስተርዳም ኦሊምፒክ ሴቶች 800 ሜትር ከሮጡ በኋላ «አቅማቸው አይደለም» ተብሎ ውድድሩ እስከ 1960 ድረስ ተሰረዘ። የሴቶች ማራቶን ኦሊምፒክ ውስጥ የገባው በ1984 ነው። ከዚያ አሥራ ሁለት ዓመት ቆይቶ የእኛዋ ፋጡማ ሮባ አትላንታ ላይ አሸነፈች። «ደራርቱስ?» አልኳት አክስቴን። ደራርቱ ቱሉ በ1992 ባርሴሎና ላይ ወርቅ አገኘች፣ ልጅ ወለደች፣ በ2000 ሲድኒ ላይ እንደገና ወርቅ አገኘች፣ በ2009 ደግሞ በሠላሳ ሰባት ዓመቷ የኒው ዮርክን ማራቶን አሸነፈች። የትኛው ማህፀን ደረቀ? አክስቴ «እሷ ሌላ ናት» ብላ ዘጋችው። ደራርቱ ሌላ መሆኗ ላይ እንኳ ተስማምተናል።

የላውክስ ሥራ ዋናው ነጥብም ይሄው ነው። ለሩጫ የወጣው በምግብ ሲተካ ደወሉ አልተዛባም። ገዳዩ እርምጃው ሳይሆን ያልተተካው ነው። ልከኛ እንቅስቃሴ እንዲያውም ለወር አበባ ሕመም ጥሩ ነው። እኔ ራሴ መስቀል አደባባይ በጀመርኩባቸው ወራት፣ ገና ደህና እየበላሁ ሳለ፣ ሁልጊዜ ከሥራ የሚያስቀረኝ ቁርጠት ቀሎልኝ ነበር። በሌላ በኩል ነገሩን ቀላል አድርጌ ማቅረብ አልፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣ አንድ ጥናት ሩጫ ለምደው የማያውቁ ሃያ ስምንት ሴቶችን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በቀን ብዙ ኪሎ ሜትር ወደ መሮጥ አደረሳቸው፤ በልምምዱ ጊዜ ዑደታቸው ሙሉ በሙሉ ሳይዛባ የቆየ አራት ብቻ ናቸው። ሩጫውን ካቆሙ በኋላ በስድስት ወር ውስጥ ሁሉም ተመልሰዋል። ድንገት መጨመር ራሱ ሸክም ነው። እኔም በሦስት ወር ውስጥ ከደረጃ ወደ ተራራ የወጣሁ ነኝ።

ጭንቀቱን ደግሞ ለብቻው ማንሣት አለብኝ፤ ሰዎች «ጭንቀት ነው» ሲሉ «ምንም አይደለም» ማለታቸው ስለሚመስል። ሰው ሲጨነቅ አካሉ ኮርቲሶል የሚባለውን ሆርሞን ያበዛል፤ ኮርቲሶልን የሚያስነሣው የአንጎል ትእዛዝ ያንኑ የመራባት ደወል ያፍናል። እንቁላል ሊወጣ በሚዘጋጅበት በመጀመሪያው አጋማሽ ላይ ትልቅ ጭንቀት ከመጣ እንቁላሉ ይዘገያል። ከእንቁላሉ እስከ ደሙ ያለው ሁለት ሳምንት ገደማ ስለሆነና ብዙም ስለማይለዋወጥ ቀኑ በዚያው ልክ ይገፋል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወር፣ የኀዘን ወር፣ ዩኒቨርሲቲ የገባንበት የመጀመሪያው ወር፤ ሁላችንም የዘገየብን ጊዜ አለ። ግቢ ሳለሁ ዶርማችን ውስጥ ስድስት ሆነን አራታችን መስከረምን ሳናይ ያለፍን ይመስለኛል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሆንግ ኮንግ ውስጥ ስታንሊ በሚባል ማጎሪያ ከታሰሩት ሴቶችም የብዙዎቹ ወር አበባ ተቋርጦ ነበር። ዱባይ በሰው ቤት የምትሠራ የአጎቴ ልጅ የእኔን ታሪክ ስነግራት በስልክ ዝም አለች፤ ከዚያ «እኔ እኮ የመጀመሪያውን ስምንት ወር አላየሁም፤ ለማን እነግራለሁ?» አለችኝ። እሷ አልሮጠችም። የሮጠው ልቧ ነው።

አንድ ወር መዝለል በሽታ አይደለም፤ እርግዝና አለመሆኑን ማረጋገጥ ነው። ሦስት ወር ሲሆን ግን መሄድ ነው። ሐኪሟ ይህን ስትነግረኝ አምስት ወር የቆጠርኩበትን እጄን ቦርሳዬ ሥር ደበቅኩት።

መድኃኒቴ ምን እንደነበር ብትጠይቁኝ፣ ገንፎ ነው። የማሾፍ ይመስላል፤ ግን አይደለም። ስምንት ሳምንት ሩጫ ተከለከልኩ፣ ብዙ ብዪ ተባልኩ። ይህን ለእናቴ ስነግራት የሐኪሟን ሐሳብ እስከ መጨረሻው አልሰማችም፤ ገብስ ልታስፈጭ ወጣች። አራስ እንደምታርስ ነው የያዘችኝ። ጠዋት ገንፎ በቅቤና በበርበሬ፣ ረፋድ ላይ በፔርሙዝ ወደ ቢሮ የሚላክ አጥሚት፣ ማታ እንቁላል። «ብርድ የመታውን ነው የማወጣው» ትላለች። ሐኪሟ «ኤነርጂ» ትላለች። ሁለቱ ተገናኝተው አያውቁም፤ የጻፉት ማዘዣ ግን አንድ ነው።

ጾሙን ለንስሐ አባቴ ነገርኩ። ስለዚህ ነገር ለእሳቸው መናገር ከሁሉ የከበደኝ ነበር፤ «አባ፣ ሐኪም እንድበላ አዞኛል» ብዬ ብቻ ልውጣ አስቤ ሄጄ ሁሉንም ዘረገፍኩት። አባ አልተደናገጡም። «ልጄ፣ የታመመ መች ይጾማል? ስትድኚ ትጾሚያለሽ። እስከዚያው ሌላ ጾም አለ፤ ሰው አትሚ» አሉኝ። ፍልሰታን ሳልጾም አለፍኩ። ሰው አለማማቱ ከሁዳዴ ይከብዳል።

ጭንቀቱን በገንፎ ማውጣት አልተቻለም። ቤቱ ተገኘ፤ ከቢሮ የራቀ፣ ውኃ በሦስት ቀን አንዴ የሚመጣ፣ ግን ቤት። ለኦዲቱ ደግሞ አለቃዬን ሰው እንዲጨምሩልኝ ጠየቅኩ። በስድስት ዓመት ውስጥ ሰው ጨምሩልኝ ስል የመጀመሪያዬ ነው። ያለምንም ክርክር አንዲት ልጅ ሰጡኝ። ያን ያህል ቀላል መሆኑ አናደደኝ።

እንጦጦ የምንወጣው ሴቶች ጋር መስከረም ላይ ቡና ጠጣን። ነገሩን ነገርኳቸው። ከአራታችን ታናሿ ስኒዋን አስቀመጠችና «ለእኔ ዘጠኝ ወሩ ነው» አለች። ስድስት ወር ሙሉ ጎን ለጎን ሮጠናል። የእግሯን ጥፍር መነቀል፣ ከባሏ ጋር የተጣላችበትን ቀን፣ የጫማዋን ዋጋ አውቃለሁ። ይህን አላውቅም ነበር። ሰኞ ሐኪሟ ዘንድ ይዣት ሄድኩ። ያን ሰሞን እኔም ቀስ ብዬ መሮጥ ጀምሬያለሁ፤ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በልቼ፣ ኪሴ ውስጥ ተምር ይዤ።

የመጣው ጥቅምት ውስጥ፣ ዓርብ ከሰዓት፣ ቢሮ ነው። የባንክ ሒሳብ እያስታረቅኩ ሳለሁ ያ የምጠላው የወገብ ሕመም ሲጀምረኝ መጀመሪያ ወንበሩን ጠረጠርኩ። ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አየሁት። ሞዴስ አልነበረኝም፤ ወራት ስላለፉ ከቦርሳዬ አውጥቼዋለሁ። አዲሷን ልጅ በሹክሹክታ ጠየቅኳት። ስትሰጠኝ ለምን እንደምስቅ አልገባትም።

እሑድ ማርያም ስደርስ የጥቅምት ብርድ ጣት ያኮማትራል። ግንቡ ሥር ሌሎች ሦስት ሴቶች አሉ፤ ነጠላዬን አጣፍቼ አጠገባቸው ቆምኩ። እናቴ ከኋላዬ ዘግይታ መጣች። በሩ ጋ ደርሳ ልትሳለም ስትል አየችኝ። ምንም አላለችም። ተመልሳ መጣችና ትከሻዋ ላይ የነበረውን ጋቢ አወረደች፤ አራት አድርጋ አጠፈችው፣ ድንጋዩ ላይ አነጠፈችው።

«ቀዝቃዛ ላይ እንዳትቀመጪ» አለችኝና በነጠላዋ ብቻ ገባች።